ያልወለደች አራስ

የዚያን ቀን ቤት ውስጥ የነበርነው እኔ፣ ባለቤቴ፣ አማቴ፣ ሦስቱ ልጆቼ፣ ከጨፋ ሮቢት በግ እየነዱ የመጡት የባለቤቴ አጎት፣ ማሽላ በአህያ ጭና የመጣችው እህቱና ጎረቤታችን የልምድ አዋላጇ ነን። በጉንም ልቁጠረው፤ ገበያው እስኪሞቅ ተብሎ ማድቤቴ ውስጥ ታስሮ ነበር። ውሃ የማጠጣውም እኔ ነኝ።

ቤታችን ከሚሴ ከአስፋልቱ ዳር ስለሆነ በገበያ ቀን የጨፋ ሸለቆ ዘመድ ሁሉ መጀመሪያ እኛ ጋ ያርፋል። ዕቃውን ያስቀምጣል፣ ይሰግዳል፣ ይበላል፣ ፀሐይ ሲበረታበት ጋደም ይላል። ጋደም የማልለው እኔ ብቻ ነበርኩ። ትንሿ ልጄን ሳል ይዟት ስለነበር ሌሊቱን ትንፋሿን ሳዳምጥ አድራለሁ። ቀን ደግሞ ትልልቆቹን ባጃጅ እንዳይገጫቸው በር በሩን አያለሁ። ፈሪ ናት ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ግን ፍርሃትም ያደክማል፤ እንደ ሥራ የሚቆጥርልኝ ሰው ግን የለም።

ደህና ነሽ ወይ ሲሉኝ መልሴ ሁልጊዜ አልሐምዱሊላህ ነው። ደክሞኛል ካልኩ ጌታዬን ያማረርኩ ይመስለኝ ነበር።

ያን ቀን ሻይ ስቀዳ ብርጭቆው ሞልቶ ወደ ትሪው፣ ከትሪውም ወደ ምንጣፉ ሲፈስ አላየሁም። ዓይኔ ክፍት ነው፣ አላየሁም።

ጎረቤቴ ማንቆርቆሪያውን ከእጄ ወሰደችና «አካም ጅርታ? እንዴት ነሽ?» አለችኝ።

«አልሐምዱሊላህ።»

«እሱማ ይመስገን። እኔ የጠየቅኩሽ ጉልበትሽን ነው።»

«ደክሞኛል፣ እትዬ» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ራሴም ደነገጥኩ።

አጎትየው ሳቅ አሉ። «ምን ሠራሽና ነው? ማሽላውን አንቺ ተሸከምሽው እንዴ?»

«እኔ ሰባት ወልጄ አንድ ቀን እንዲህ ብዬ አላውቅም» አለች አማቴ።

«ስላላልሽ ነዋ ዛሬ ወገብሽን ይዘሽ የምትነሺው» አለቻት ጎረቤቴ። ከዚያ ከሳጥኔ አንሶላ አውጥታ አልጋዬን ጋረደችው። «ከአሁን ጀምሮ ይህች ልጅ አራስ ናት። እንደ አራስ ያዟት።»

ባለቤቴ ግራ ገባው። «ሰው ሲጠይቀኝ ምን ወለደች ልበል?»

«ድካም ወለደች በል። አባቱም አንተ ነህ።»

እኛ አገር ሴት ያለ ነቀፋ የምትተኛው ስትወልድ ብቻ ነው። አራስን ማንም አያዝም፤ አማትም ብትሆን ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው የምታናግራት። ስለዚህ ነገሩ ቀልድ ቢመስልም አፍ አውጥቶ የተከራከራት አልነበረም።

ማረፉ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ከመጋረጃው ጀርባ ተኝቼ ጆሮዬ ውጭ ነው። በጉ ገመዱን በጥሶ ይሆን? እሳቱን ማን አየው? የባለቤቴ እህት ስኳሩ የት ነው እያለች ትጮሃለች። «ዓይንሽ ሥር ነው» ብዬ ልመልስ ስል ጎረቤቴ «አራስ ስኳር አታውቅም» ብላ ዝም ታሰኘኛለች። ጭራሽ ከጓሮ ያለችው ሴትዮ ወሬውን ሰምታ ገንፎ ይዛ መጣች፤ ሕፃኑን ካላየሁ አልሄድም አለች። ያኔ በጣም መረረኝ። ለመተኛት እንኳ ይህን ሁሉ ሰው ማስረዳት አለብኝ?

ጎረቤቴ በሩ ላይ በርጩማ አድርጋ ተቀመጠች። ትንሿን ልጄን ጀርባዋ ላይ አዝላ «ትንፋሿን እኔ እየሰማሁልሽ ነው» አለችኝ። ሌላ የማስታውሰው የለም።

ስነቃ ገበያው ተበትኗል። ብርጭቆዎቹን ባለቤቴ አጥቧቸዋል፤ ስኳሩ እንደተጣበቀባቸው ነው። አጎትየው ደረቅ ዳቦ በልተው፣ በጋቸውንም ራሳቸው ነድተው ሄደዋል። ማንም አልሞተም። ልጄም ተኝታለች።

ከዚያ ወዲህ በገበያ ቀን ሲብስብኝ «ዛሬ አራስ ነኝ» እላለሁ። ያጉረመርማሉ፣ ግን አንሶላው ይጋረዳል።

ጎረቤቴ በኋላ ጉልበቷ ሲደክም ልጇ መጥታ ወደ ባቲ ወሰደቻት። ከዚያ ወዲህ ወሬዋን አላገኘሁም። የሚመጣውን ሁሉ ስጠይቅ «ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ» ይለኛል፤ ማንኛዋን እንደጠየቅኩት እንኳ ሳያጣራ። ከባቲ የምትመጡ፣ ከሚሴ አዋላጅ የነበረችውን የምታውቁ ካላችሁ፣ በሕይወት አለች ወይ? በደንብ ትተኛለች ወይ? እባካችሁ ንገሩኝ።