ካልሲ ላይ ያረፈ ስሞሽ

የወንድሜ ሚስት ፀጉር ሠሪ ናት። የምንኖረው አንድ ቤት ስለሆነ በደንብ አውቃታለሁ፤ ምላሷ ከመቀሷ ይፈጥናል። ደንበኞቿ የሚነግሯትን ሁሉ ታምናለች፣ ሐኪም የሚነግራትን ግን አታምንም።

እርጉዝ ሳለች ደሟ ሲመረመር ሄፓታይተስ ሲ ተገኘባት። ነርሷ ረጋ ብላ አስረዳቻት። ቫይረሱ በእርግዝናና በወሊድ ጊዜ ወደ ልጅ ሊተላለፍ ይችላል፤ አብዛኞቹ ሕፃናት ግን ነፃ ናቸው። ቁርጡ የሚታወቀው ልጁ ዓመት ከመንፈቅ ሞልቶት ሲመረመር ነው።

"ማቀፍ፣ መሳም ምንም አያደርግም እህቴ። የጡትሽ ጫፍ ካልደማ በቀር ማጥባትም ትችያለሽ። አንቺም ጡት ስታስጥዪ መድኃኒት ትጀምሪያለሽ፤ የሚድን ነው" አለቻት።

እሷ የሰማችው "ሊተላለፍ ይችላል" የሚለውን ብቻ ነው።

ሴት ልጅ ተወለደች፤ ድንቡሽቡሽ ስላለች ድንቡሼ አልናት። እናቷ ማጥባቱን እንደምንም እሺ አለች፤ መሳም ላይ ግን ወይ ፍንክች! የመሳም አምሮቱ ሲብስባት የልጅቷን እግር አንስታ ካልሲዋ ላይ ትስማለች፤ ያውም ሁለት ካልሲ ደርባባት። እኛንም ከለከለችን፤ ከእሷ ጋር የሚኖር ሰው ተጋብቶበት እንደሆነ አይታመንማ! ወንድሜ "የገዛ ልጄን ጫማ ልሳም?" ብሎ ቢቆጣ፣ "ካልሲዋን፤ ጫማው ቆሻሻ ነው" አለችው።

ስለዚህ ድንቡሼ ስሞሽ የእግር ጉዳይ መስሏት አደገች። እንግዳ ሲመጣ ወለሉ ላይ ዘፍ ብላ እግሯን ታነሳለች። ጎረቤታችን ጡረተኛው መቶ አለቃ እንኳ ተንበርክከው ስመዋል። ከዚያ እሳቸውን ለማስነሳት እኔና ወንድሜ ግራና ቀኝ መያዝ ነበረብን።

እኔን ግን አንድ ቀን ነደደኝ። "አንቺ እመት ጥንቃቄ፣ ነርሷ የነገረችሽ በዚህ ገብቶ በዚያ ወጣ እንዴ?" አልኳት።

ማበጠሪያዋን አስቀመጠች። "ብስማትና ቢገኝባት፣ የቱ ስሞሽ ይሆን እያልኩ ልኖር ነው? እፈራለሁ" አለችኝ።

አንጀቴን በላችው።

ድንቡሼ ዓመት ከመንፈቅ ሞልቷት ተመረመረች። ለውጤቱ እኔ፣ እናቷና ድንቡሼ ሄድን። እመት ጥንቃቄ በቀጥታ ከሥራ ስለመጣች ጫማዋ ላይ የደንበኛ ፀጉር ተለጣጥፎበታል።

"ነፃ ናት" አለች ነርሷ። "ባትሆንም ኖሮ ከመሳም የሚያግድሽ ነገር አልነበረም።"

እመት ጥንቃቄ ኮሪደሩ ላይ ያለ አግዳሚ ወንበር ላይ ወድቃ ተነፋረቀች። ያ ሁሉ ምላስ የት እንደገባ እንጃ። ድንቡሼ ትንሽ አየቻት። ከዚያ ዱብ ዱብ እያለች ሄዳ፣ ወለሉ ላይ ተደፍታ የእናቷን ጫማ ሳመችላት። ፀጉሩ አፏ ውስጥ ገብቶ "እትፍ! እትፍ!" አለች፤ ቢሆንም ሁለተኛውን ጫማ አልተወችውም።

እናቷ ብድግ አድርጋ ጉንጯን ሳመቻት። ድንቡሼ ምን እንደተደረገች ግራ ገብቷት ጉንጯን ዳሰሰች።