የሁለተኛው ዳስ ሙክት

የአጎቴን ንግግር የጻፍኩት እኔ ነኝ። አጎቴ የደብራችን ሰበካ ጉባኤ አባል ናቸው። ከቤተ ክርስቲያናችን ቁልቁል ካለው መስጊድ ሽማግሌዎች ጋር በከተማው አዳራሽ ምክክር ሲጠራ፣ «አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ እስቲ ጥሩ አድርገሽ አሰናጅልኝ» አሉኝ። «አብሮነት» የሚለውን ቃል ሳልሰስት ጻፍኩ። ሰው ፊት መናገር ስለማልችል፣ የጻፍኩትን ሌላ ሰው ሲያነበው ደስ ይለኛል። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ከኋላ ወንበር አንገቴን ደፍቼ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ሠርጌ ደረሰ።

በእኛ ሰፈር ክርስቲያን ሲደግስ ሁለት ዳስ ይጥላል። እኛ ሙስሊሞች ያረዱትን አንበላም፤ እነሱም እኛ ያረድነውን አይበሉም። ስለዚህ ደጋሹ አንድ ሙክት ከነሕይወቱ ለሙስሊም ጎረቤቱ ይሰጣል። እነሱ በእጃቸው አርደው፣ በድስታቸው ሠርተው ወደ ሁለተኛው ዳስ ያመጡታል። እነሱ ሲድሩም ለእኛ እንዲሁ ያደርጋሉ። በጉን ጎረቤት በር ድረስ ወስዶ ገመዱን የሚያስረክበው ራሱ ደጋሹ ነው። በሰው አይላክም፤ የተላከ በግ ምጽዋት ይመስላል። አባቴ እስኪያርፍ ድረስ በግ የወሰደው ሁልጊዜ በገዛ እጁ ነው።

የእኔን ሠርግ የሚመሩት አጎቴ ነበሩ። እንጨት ለሚተክሉት ልጆች፣ «አንዱ ዳስ ይበቃል» ሲሉ ከመስኮቱ ሰማኋቸው። ወጣሁ።

«ጎረቤቶቻችንስ ጋሼ?»

«የጾም ምግብ ይዘጋጅላቸዋል። ለስላሳም አለ። ጊዜው ጥሩ አይደለም፤ ሰው ያወራል።»

«ማነው የሚያወራው?»

«አንቺ ሙሽራ ነሽ» አሉኝ፤ «ሙሽራ ዝም ስትል ነው የሚያምርባት።»

አብረውኝ የተማሩት ጓደኞቼ ደግሞ ከእሳቸው ጋር ተስማሙ። ሁለት ዳስ ኋላ ቀርነት ነው፣ ሰውን መለያየት ነው አሉ። እነሱም ጥሩ ጥሩ ቃል ያውቃሉ። እኔ ግን በዚያ በሁለተኛው ድስት አፍሬ አላውቅም፤ አላፍርምም። ያ ድስት፣ የምትበላውንም የማትበላውንም አውቃለሁ፣ ሳትበላ ግን ከቤቴ አትወጣም ማለት ነው። በሠርግ ቀን ሌላው ሥጋ ሲጎርስ ምስር ወጥ የሚቀርብለት እንግዳ፣ ባይመጣም ግድ እንዳልነበረን ገብቶት ነው የሚሄደው። እትዬ ደግሞ እንዲህ ገብቷቸው እንዲሄዱ አልፈልግም። እትዬ ከአጥራችን ማዶ የሚኖሩት፣ አባቴ ሲያርፍ ከእናቴ አጠገብ ያልተለዩት ሙስሊም ጎረቤታችን ናቸው።

በሠርጉ ዋዜማ ጠዋት ወደ ጓሮ ወረድኩ። እናቴ ተከትላኝ መጣች። ለድግሱ ከተገዙት ሙክቶች አንዱን ከግንዱ ፈታችና ገመዱን እጄ ላይ አኖረችው።

ሙሽራ በዋዜማው ከግቢ አትወጣም። እኔ ፀጉሬን ሹሩባ ተሠርቼ፣ እጄ በእንሶስላ ቀልቶ፣ በጠራራ ፀሐይ በግ እየጎተትኩ ወጣሁ። የእትዬ በር ያለው በላይኛው መንገድ ስለሆነ ሰፈሩን መዞር ነበረብኝ። ሙክቱ ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲደርስ እግሩን ተከለ። ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አንድ ባለባጃጅ ቆመ።

«ሙሽሪት፣ ባልሽ ይሄ ነው እንዴ? ምነው ፀጉሩን ሳይስተካከል?»

ወፍጮ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሌላ ቀን ቢሆን መሬት ትዋጠኝ እል ነበር።

«ባሌ ነገ ነው የሚመጣው» አልኩት፤ «ይሄ ሚዜው ነው።»

ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ባለባጃጁ እየሳቀ ወረደና በጉን ከኋላ ገፋልኝ።

እትዬ ደጃፋቸው ላይ በርበሬ ያሰጣሉ። ልጃቸው አጠገባቸው ቆሟል። አባቴ ይል የነበረውን አልኩ፦ «እትዬ፣ ነገ ቤታችን ድግስ አለ፤ ያለ እናንተ አይሆንም።»

ልጃቸው ቀደማቸው። «እማ፣ እንዳትቀበዪ። ለእነሱ ለስላሳ ይበቃቸዋል ተብሎ ሰፈሩ ሰምቷል። እነዚህ የሚያውቁን ማይክራፎን ሲይዙ ነው።»

ያን ቀን እሱም አዳራሹ ውስጥ ነበር፤ አንገቴን ከመድፋቴ በፊት ሲያጨበጭብ አይቼዋለሁ። ፊቴ ጋለ።

«ንግግሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩት፤ «ለዚህ ነው እኔው ጎትቼ የመጣሁት።»

እትዬ አቧራ የለበሰ ቀሚሴን አዩ፤ እንሶስላው ላይ ገመዱ የፈተገውን እጄን አዩ። ተነስተው ገመዱን ተቀበሉኝ።

«ወላሂ፣ አባቷ ነው የመጣው» አሉ። ወደ ልጃቸው ዞረው፣ «አንተ፣ አፍህን ትተህ ቢላዋህን ሳል።»

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለተኛውን ዳስ የተከለው እሱና ጓደኞቹ ናቸው። አጎቴ አዩ፤ አልከለከሉም። በማግስቱ ድስቶቹ በበሩ ሲገቡ ከመንገድ ፈቀቅ ብለው አሳለፏቸው። እኔም ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም።

ሰሞኑን ሌላ ምክክር ተጠርቷል። አጎቴ እንደገና ጻፊልኝ ብለውኛል።

«ሙክቱን አስገባዋለሁ» አልኳቸው።

«እሱ ደግሞ እዚያ ምን ይሠራል?»

ጽፌ ሰጥቻቸዋለሁ። የሚጀምረው በሙክቱና በወፍጮ ቤቱ ነው። እሳቸው ከዘለሉት እኔ ከኋላ ወንበር ተነስቼ አነበዋለሁ። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ይሆናል። ይንቀጠቀጥ።