ሃምሳ ስምንት ልጅ በአንድ ድምፅ

አዳማ ውስጥ ኬጂ ማስተማር የጀመርኩ ዕለት ዳይሬክተራችን ጋሽ ግርማ የክፍሉን በር ከፍተው አሳዩኝ። ሃምሳ ስምንት ልጅ! ግማሹ ያለቅሳል፣ ግማሹ የጓደኛውን ምሳ ዕቃ ይከፍታል። «አንቺ ጮክ ብለሽ በይ፤ እነሱ ይከተሉሻል» ብለውኝ ሄዱ።

እውነትም ተከተሉኝ። «ሀ» ስል «ሀ» ይላሉ፤ ቆርቆሮው ይነቃነቃል። ደስ ሲል! ሁሉም ፊደል ለየ ብዬ ለእናቴ ጉራዬን ነዛሁ።

ያስቸገረችኝ አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች። ሲፈን ትባላለች፤ አራት ዓመቷ ነው። ፊደል ሳስቆጥር አፏ ከሁሉም ጋር ይከፈታል፤ «ነይ» ስላት ግን አትመጣም። ለወላጅ በሚላከው ደብተሯ ላይ በቀይ «ትእዛዝ አትቀበልም» ብዬ ጻፍኩ። ሦስተኛ ጊዜ ስጽፍ ጋሽ ግርማ «እናቷን ጥሪና ትውሰዳት፤ ሌሎቹን ታበላሽብናለች» አሉ።

እናትየው ሳትጠራ የአዳማ ነፋስ መጥቶ የክፍሌን ጣሪያ ገነጠለው። እስኪሠራ ድረስ የዕቃ ግምጃ ቤቷ ተሰጠችን። ሁሉንም ስለማትችል ግማሾቹ ጠዋት፣ ግማሾቹ ከሰዓት ይገቡ ጀመር።

ሃያ ዘጠኝ ሲሆኑ የእያንዳንዱ ድምፅ ይለያል። ሲፈን አጠገብ ጎንበስ ብዬ አዳመጥኩ። ድምፅ አይወጣትም። ዓይኗ የጓደኛዋ አፍ ላይ ነው፤ ያ ሲከፈት የሷም ይከፈታል። ከኋላዋ ሆኜ አጨበጨብኩ፤ አልዞረችም። ያን ቀይ ጽሑፍ ሳስበው አፈርኩ።

እናቷ ወይዘሮ ጫልቱ የቲማቲም መደባቸውን ትተው መጡ። «ያ ረቢ፣ እኔም ኩርፊያ መስሎኝ እቆጣት ነበር» አሉ። ሁለታችንም አለቀስን። ሐኪሙ ጆሮዋ ውስጥ የቆየ ኢንፌክሽን አገኘ፤ ስትታከም እየዋለ እያደረ መስማት ጀመረች። ከዚያ በኋላ ወሬዋን ማን ያስቁመው!

ጣሪያው ሲያልቅ ጋሽ ግርማ «በይ እንግዲህ አንድ ላይ መልሻቸው» አሉ። መለስኳቸው። እሳቸውን ከኋላ ወንበር ላይ አስቀምጬ ፊደል አስቆጠርኩ።

«ግሩም ነው፤ አንድም የሰነፈ የለም» አሉኝ ሲያልቅ።

«አሥሩ አፋቸውን ብቻ እንዲያንቀሳቅሱ ነግሬያቸው ነበር» አልኳቸው። «የትኞቹ እንደሆኑ ይንገሩኝ እስቲ።»

ልጆቹን አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ሳቃቸው መጣ። «አንቺ ተንኮለኛ ነሽ» አሉኝ። በሳምንቱ ግምጃ ቤቷ ሁለተኛ የኬጂ ክፍል ሆነች፤ ሌላ መምህርትም ተቀጠረች።

አዳዲስ መምህራን «አንድ ክፍል ስንት ልጅ ይበቃዋል?» እያሉ ይጠይቁኛል። አንድ ልጅ ዝም ሲል ካላወቅሽ፣ በዝተውብሻል።