አጎቴ የጻፏቸው መስመሮች

አንዱን ኮምፒውተር ለአራት ዓመት የተጠቀምን ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ ልጄ ትዕግሥትና ደብረ ታቦር ድጓ ያስተምሩ የነበሩት አጎቴ። አጎቴ ተርሚናሉ ላይ፣ ማለትም ለኮምፒውተሩ ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት፣ ትእዛዝ ሲጽፉ ከጎኑ ለትዕግሥትና ለተማሪዎቻቸው ማስታወሻ ይተዉ ነበር፦ «ትዕግሥት፣ ዜማውን በዚህ ገልብጪ፤ ለአባትሽ አትንገሪ፣ ያርመዋል።» ወደ ላይ የምትጠቁመውን ቁልፍ ስንጫን ያ ሁሉ በየተራ ይመጣል።

እኔ ሥርዓት ስለምወድ የመጨረሻዎቹ መቶ መስመሮች ብቻ እንዲቀመጡ አደረግሁ።

«ምነው ልጄ፣ ቦታ ጠበበህ?» ብለው ሳቁብኝ።

«የኔታ፣ ትርፍ ነገር አልወድም» አልኋቸው።

ካረፉ በኋላ ትዕግሥት ቁልፉን ደጋግማ ተጫነች። የመጣው ሁሉ የእኔ ነበር።

«አባዬ፣ የእሳቸው የት ሄደ?»

መቶው ሲሞላ የእኔ አዳዲስ መስመሮች የእሳቸውን የቆዩ ገፍተው እንዳጠፏቸው እውነቱን ነገርኋት። እስከ ዛሬ እጄ ሳላውቀው ወደዚያች ቁልፍ ይሄዳል። የእኔ ሥርዓት እኔን፣ ልጄንና ተማሪዎቻቸውን የአጎቴን የአራት ዓመት ቃል አሳጣን።