ስትሞቅ የምትንቀጠቀጠው ታክሲ

ባለፈው ሳምንት ከለቡ ስመለስ ሀና ማርያም አካባቢ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆምኩ። የምነዳት መኪና በኤሌክትሪክ የምትሠራ ስለሆነች ስትቆም ትንፍሽ አትልም፤ ከጎኔ ግን አንዲት አሮጌ ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ቆማ ትንቀጠቀጥ ነበር። የቤንዚን ሽታዋ በመስኮት ገብቶ አፍንጫዬን ሲነካው ሃምሳ ዓመት ያለፈኝ ሴትዮ መሆኔን ረስቼ የአሥር ዓመት ልጅ ሆንኩ፤ በእናቴ ታክሲ የኋላ ወንበር ላይ።

አዎ፣ በእናቴ ታክሲ። አባቴ ሲሞት የተወልን ያቺኑ ነበር። ልብስ ሰፊዋ እናቴ ሁለት ወር በቀጠረችው ሹፌር ስትበሳጭ ከረመችና መንጃ ፈቃድ አውጥታ መሪውን ራሷ ጨበጠች። ያኔ ጎፋ ውስጥ ሴት ታክሲ ስትነዳ አይተው ከገቡበት የሚወርዱ ተሳፋሪዎች ነበሩ፣ አማትበው የሚገቡም ነበሩ፤ እናቴ ሁለቱንም በመስታወቱ እያየች ትስቃለች።

የማያስቀው ሌላ ነበር። ታክሲዋ ጠዋት ጠዋት ምንም አትልም፤ ሁለት ሦስት ምልልስ ሠርታ ሞተሩ ሲሞቅ ግን ሰው ለማውረድ በቆመች ቁጥር ትንቀጠቀጥና ቀጥ ትላለች። የተራው ሹፌሮች ያሽካካሉ። የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ታደሰም ምክንያት አገኙ፤ "ሴት እጅ ላይ ሳትሞት ትሸጥ" ብለው ቅዳሜ ገዢ ይዘው እንደሚመጡ አስታወቁ። ብትሸጥ እንጀራችን ይጎድል ነበር፤ እናቴን ያንገበገባት ግን "መንዳት አቅቷት ሸጠችው" መባሉ ነው።

መካኒካችን ከድር ይባላል፤ ጋራዡ ከቤታችን ሁለት እርምጃ ነው። ስሕተታችንም እዚያ ላይ ነበር። እናቴ የቆሸሸ ነገር ሰው ፊት ማቅረብ ሞቷ ስለሆነ፣ ታክሲዋን ወደ ከድር ከመውሰዷ በፊት ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር አቁማ፣ ኮፈኑን ከፍታ፣ ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቃ፣ አጥባና ወልውላ፣ እኔን ለበዓል እንደምታሰማምረኝ አሰማምራ ነበር የምትወስዳት። ከድር ሞተሩን ያስነሳል፣ ጆሮውን ዘንበል ያደርጋል፣ ምንም የለም። በሦስተኛው ቀን አንገቱን እያከከ፣ "እትዬ አስካለ፣ እሷስ ደህና ነች፤ ምናልባት የእግርዎ አረጋገጥ እንዳይሆን" አላት። እናቴ ቁልፉን ከእጁ ነጥቃ ወጣች። እንዲህ ስትሆን እኔ ጓዳ ነበር የምገባው።

ዓርብ ቁርስ ላይ ግን እጇ ጉርሻ እንደያዘ ቆመ። ባለፈው ክረምት ትኩሳት ሲያቃጥለኝ ጤና ጣቢያ ይዛኝ ሄዳ፣ ወረፋው እስኪደርሰን ትኩሳቱ ለቆኝ፣ "ልጅሽ ምንም አልሆነችም" ተብለን መመለሳችን ትዝ ብሏት ነው። "እኛ እኮ በሽተኛዋን አድነን ነው ሐኪም ቤት የምንወስዳት!" ብላ ጮኸች።

ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት አነሳችኝና ያኔ ማሳ ብቻ እስከነበረው ለቡ ድረስ ነዳች፤ ከነአቧራዋ ተመልሳ፣ ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጁን እየረገጠች፣ የምትንቀጠቀጠዋን ታክሲ ይዛ ጋራዡ ውስጥ ገባች። "በል ከድር፣ አሁን ስማት!"

ከድር ማንቆርቆሪያውን አንስቶ፣ ነዳጁን ከአየር የሚያቀላቅለው ካርቡራተር ከሞተሩ ጋር በሚገጥምበት ዙሪያ ውሃ ጠብ ጠብ አደረገ። መንቀጥቀጡ ለአፍታ ረገብ አለ፤ ውሃው ሲደርቅ ተመለሰ። ከድር ሳቀ፤ አፍሮም ነው የሳቀው። በመካከላቸው ያለው የማሸጊያ ወረቀት ደርቆ ተሰነጣጥቆ፣ ሞተሩ በሞቀ ቁጥር እየከፈተ አየር ያስገባ ነበር፤ ውሃው ስንጥቁን ለአፍታ ስለደፈነው ነው ረገብ ያለችው። ከድር አዲስ ቆርጦ ሲያሳያት እናቴ አየት አደረገችና "ጠርዙ ተንሻፏል" ብላ መቀሷን ከቦርሳዋ አወጣች። የካርቡራተሩን ግርጌ ዘይት ቀብታ ወፍራሙ ወረቀት ላይ አተመችው፤ ዐሻራውን ተከትላም የሙሽራ ቀሚስ እንደምትቆርጥ ተጠንቅቃ ቆረጠችው። ከድር ተቀብሎ ገጠመው፤ ብሎኖቹንም አንዱን ጥቂት፣ ሌላውን ጥቂት እያለ እኩል አጠበቃቸው።

ቅዳሜ ጋሼ ታደሰ ገዢያቸውን ይዘው ሲመጡ እናቴ ግማሽ ቀን ሙሉ ሠርታ ገና መግባቷ ነበር። ሞተሩን አላጠፋችም። እስከ አፉ የተሞላ የሻይ ብርጭቆ አምጥታ የጋለው ኮፈን ላይ አስቀመጠችና "ጋሼ፣ ይጠጡ እንጂ" አለቻቸው። ጋሼ ታደሰ ብርጭቆውን ብዙ አዩት፤ ሻዩ ጠብ አላለም። አንስተው ጠጡትና ከገዢያቸው ጋር ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ተመርቄያለሁ፣ ልጆች ድሬያለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ኮርቼ አላውቅም።

እናቴ ካረፈች አራት ዓመቷ ነው። ታክሲዋ ቀድማት ሄደች፣ ጋራዡ ላይ ፎቅ ቆሟል፣ የእኔዋ መኪና ስትታመም ደግሞ ኮምፒውተር ነው የሚናገርላት። ከእናቴ የወረስኩት ጆሮ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ሀና ማርያም ላይ ያቺ ታክሲ ቀጥ አለች። ከኋላ ጥሩምባው ቀለጠ። መስኮቴን አውርጄ ወጣቱን ሹፌር "ስትሞቅ ነው አይደል እንዲህ የምትሆነው?" አልኩት።

"አዎ ማዘር፤ መካኒኩ ግን ምንም የለባትም ይለኛል።"

"ሳትበርድ ውሰዳት። ካርቡራተሩ ሥር ውሃ ጠብ ያድርግበት።"

አፉን ከፍቶ አየኝ። "ማዘር፣ መካኒክ ነሽ እንዴ?"

"አይደለሁም" አልኩት። "እናቴ ሹፌር ነበረች።"