አያቴ የጠበቁት ድምፅ

ልጅ ሳለሁ፣ ደባርቅ ዳር ባለው ቤታችን፣ ማታ ማታ ምድጃው ዙሪያ የምንሰበሰበው ለአያቴ ተረት ነበር። አባባ በወጣትነታቸው በሊማሊሞ ቁልቁለት በቅሎ እየነዱ የነገዱ ሰው ናቸው፤ ያኔ ግን ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቶ ስለነበር የኩራዙ ብርሃን ፊታቸው ላይ ሲወዛወዝ እንኳ አያውቁትም። እኛን በሳላችን ሳይቀር ይለዩን ነበር።

«መቶ ጭላዳ ዝንጀሮ ገደል ላይ ተቀምጦ አንድ ግልገል ቢጮህ» ይሉ ነበር፣ «ዞራ የምትመጣው አንዲት ናት። እናቱ። ሌላው ሣሩን ይግጣል።»

እውነት መሆኑን ለማየት የፈለግሁት እኔ ነኝ። ከአጎቴ ልጅ ከሰዒድ ጋር ገብስ ስንጠብቅ፣ የጭላዳ መንጋ ከማሳው ስናባርር አንድ ግልገል አጥር ሥር ተሰንቅሮ ቀረ። ያዝኩት።

«እስቲ አስጩኺው! የአባባ ተረት ውሸት ቢሆንስ?» አለ ሰዒድ፣ ወንጭፉን እያዘጋጀ።

እግሩን ቆነጠጥኩት። አፋፉ ላይ ከደረሰው መንጋ አንዲት ብቻ ተመለሰች፤ በቀጥታ ወደ እኔ። የሰዒድ ድንጋይ ግንባሯን መታት። ግልገሉን ስለቀው ከሬሳዋ አጠገብ ቁጭ ብሎ ይጮህ ጀመር። መንጋው ከላይ ሆኖ ይሰማዋል። አንድም አልመጣለትም።

ያን ምሽት አባባ «ዘሐራዬ፣ ገብሱ ደህና ዋለ?» አሉኝ። ራሴን ነቀነቅሁ፤ ለማያይ ሰው።

«ደህና ዋለ፣ አባባ» አለ ሰዒድ።

«አንተን ማን ጠየቀህ፣ ቀባጣሪ!» ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን አፌን ብከፍት ነገሩን ከድምፄ እንደሚያወጡት አውቅ ነበር። ከዚያ ወዲያ ፊታቸው መናገር ተውኩ።

ገብሱ ሳይወቃ አባባ ታመሙ። እንደ ደንባችን ቤተሰቡን ሰብስበው አንድ በአንድ «አፉ በሉኝ» አሉ፤ «አፉ ብያለሁ» ያላቸውን ሁሉ በስሙ እየጠሩ መረቁት። ተራዬ ሲደርስ እጃቸውን ይዤ ዝም አልኩ።

«ዘሐራስ?»

«እጅዎን የያዘችው እሷ አይደለችም እንዴ፣ አባባ?» አለች እናቴ።

«እጅማ የማንም እጅ ነው። ድምጿን አሰሙኝ።»

አልቻልኩም። በማግስቱ ሞቱ።

አሁን ዕድሜዬ አርባን አልፏል። በቅርቡ በሬዲዮ አንድ ተመራማሪ ሲናገር ሰማሁ፤ በዝንጀሮም በሰውም አንጎል ውስጥ የሚያውቀውን ድምፅ ሲሰማ የሚነቃ፣ ተናጋሪው ማን እንደሆነ የሚለይ ሥፍራ አለ አለ። ሬዲዮውን አጠፋሁት። ልጆቼ ተረት ሲጠይቁኝ የጭላዳዋን እዘላለሁ። ብቻዬን ስሆን ግን አንዳንዴ ጮክ ብዬ «አፉ ብያለሁ አባባ፣ እርስዎም አፉ በሉኝ» እላለሁ። ድምፄ ያኔ የነበረው አይደለም፤ ቢሰሙት እንኳ የማን እንደሆነ አይለዩትም።