በቦረቦሩ አፍ ላይ የተከልነው ጓሳ

ባለፈው ሳምንት የከተማችን ወጣት ባለሙያዎች አዲሱን የአረንጓዴ ልማት እቅዳቸውን ሲያስረዱ እኛን ጡረተኞቹንም ጠርተውን ነበር። አንዷ፣ «ሊገጥመን የሚችለውን ሥጋት ሁሉ አስበንበታል» ስትል አንጀቴን በላችው። እኛስ መች ሳናስብ ቀረን?

ደብረ ማርቆስ የአፈር ጥበቃ ሥራ ስጀምር ጢም እንኳ በቅጡ አላበቀልኩም ነበር። ከገበያው በታች ጎርፍ የቆፈረው አንድ ቦረቦር በየክረምቱ እየሰፋ ወደ እትዬ አትጠገብ ጓሮ ይጠጋ ነበር። እትዬ አትጠገብ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ነበሩ፤ ከዚያች ቤት ሌላ ንብረት አልነበራቸውም። አለቃዬ ጋሽ ሙሉነህ ደግሞ አንድ ተክል ብቻ ማመን አይወዱም። «ዝናብ ቢቀር፣ ውርጭ ቢመታ፣ ከብት ቢገባ ምን ይተርፈናል?» ይሉ ነበር። ስለዚህ ቀርከሃም ዋንዛም ተከልን፤ እነሱ እስኪጠነክሩ አፈሩን እንዲይዝ ከደጋ ያስመጣነውን ጓሳ ሣር በቦረቦሩ አፍ ደረደርን፤ በእሾህም አጠርነው። ሐምሌን በሙሉ ጭቃ ለጭቃ ስንዳክር እትዬ አትጠገብ ትኩስ ድንች ቀቅለው ያበሉን ነበር።

ለእንቁጣጣሽ ቤታቸው ጠሩን። ወለሉ ላይ ለምለም ሣር ተጎዝጉዟል፤ እርጥብ ሽታው ቤቱን ሞልቶታል። ጋሽ ሙሉነህ ጎንበስ ብለው አንድ እፍኝ አነሡ። ሥሩ ከነአፈሩ ነበር።

«እትዬ፣ ይህን ከየት አመጡት?»

«ከጓሮ ነዋ! የዓመት በዓል ቀን እናንተን የመሰለ እንግዳ ባዶ መሬት ላይ ላስቀምጥ? ሣር እኮ ነው፣ መልሶ ይበቅላል። በሞቴ ተቀመጡ።»

ጎረቤቶቻቸውም ለየቤታቸው ጉዝጓዝ ከዚያው ነቅለዋል። ከከብት ያጠርነውን ከበዓል አላጠርነውም። ጋሽ ሙሉነህ ሳይቆጧቸው ተቀመጡ። እትዬ አትጠገብ ዳቦ ቆርሰው ሰጡን።

በማግስቱ የተረፈውን ለቃቅመን መልሰን ተከልን፤ አልያዘም። ለመስቀል ጥቂት ቀን ሲቀር የሐምሌን የሚያስንቅ ዶፍ ጣለ። ስንደርስ የቤቱ ግማሽ ቦረቦሩ ውስጥ ነበር፤ ቀርከሃውና ዋንዛውም አብረው ወርደዋል። እትዬ አትጠገብ በዝናቡ መንገድ ዳር ቆመው፣ «ምነው ያኔ እጄን በቆረጠው!» ይላሉ። አጠገባቸው ቆሜ አለቀስኩ። አማኑኤል ከተማ ያለች እህታቸው ወሰደቻቸው፤ በሰው ቤት እንደተጠጉ ዐረፉ።

ስብሰባው ሲያበቃ ያቺ ልጅ ወደ እኔ መጥታ፣ «አባባ፣ የረሳነው ነገር አለ?» አለችኝ።

ምን ልበላት? ጉዝጓዙን ብነግራት እሱን በሥጋቶቹ ዝርዝር ትጨምራለች፤ የሚመጣው ግን ያልታሰበ ሌላ ነው። ዕድሜዬን በዚህ ሥራ ፈጅቼ የቀረኝ እምነት ይኸው ነው፤ ያሳፍረኛል።

«አላውቅም ልጄ» አልኳት። «ከቦረቦር አፍ የሚኖር ሰው ካለ ግን ችግኙን ሳትተክሉ እሱን አስወጡት።»